ወኔ አይለካም ያለው ማነው?

ካርቱም ላይ አንድ ሰው ብቻውን አራት ጎል አግብቶብናል። በ1957 ነው፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ግብጽ 4፣ ኢትዮጵያ 0፤ አራቱንም ያስቆጠረው «አድ-ዲባ» እየተባለ የሚጠራው መሐመድ ዲያብ አል-አጣር። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይተን እዚያው ከተማ ተመለስን። በ1970 አይቮሪ ኮስት 6፣ ኢትዮጵያ 1፤ ከስድስቱ አምስቱ የሎራን ፖኩ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ የምጽፈው የካፍ መዝገብ በዚያ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።) በሁለቱ ውርደቶች መካከል ደግሞ፣ በ1962፣ ያችኑ ግብጽን አዲስ አበባ ላይ 4 ለ 2 ቀጥተን ዋንጫውን ወስደናል።

እስቲ አስረዱኝ። ምን ተለወጠ? አባቶቻችን «ወኔ» አሉን፤ እኛም ለልጆቻችን «ወኔ» እንላለን። ሲያሸንፉ ወኔ ነበራቸው፣ ሲሸነፉ ወኔ ከዳቸው፤ በቃ፣ ተዘጋ። የ1957ቱን ነገር ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይዷ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች የእኛ ልጆች ግማሽ ፍጻሜውን ሳይጫወቱ አለፉ። ግብጽ ባለሜዳዋን ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ እግሯን አሙቃ ስትገባ፣ የእኛዎቹ የውድድሩን የመጀመሪያ ኳስ የነኩት ፍጻሜው ላይ ነው፤ ያውም በሰው አገር፣ በማያውቁት ሜዳ። ሳይጫወቱ ለፍጻሜ መድረስ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ምን ይሠራል? ይህ የዶክትሬት ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ የቡና ወሬ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር። ስፖርት ሳይኮሎጂን በማስተርስ፣ ከዚያም በዶክትሬት ደረጃ ተምሮ ተመራማሪ መሆንና በዚያው እንጀራ መብላት ቅብጠት አይደለም። ቅብጠት ማለት ስድሳ ሰባ ዓመት ሙሉ በተጫዋች ልብ እየማሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለኩት መቅረት ነው። ደግሞም በዚህ ትምህርት ስም የሚታደለው ወረቀት አብዛኛው ተመራማሪ አያወጣም እላለሁ። የምጣላው ከሁለት ወገን ጋር ነው፤ ትምህርቱን ከሚንቁትም፣ ትምህርቱን ከሚያረክሱትም።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ። በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ካርቱም ገባ። ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ እሱ በጉልበቱ እያደረ፣ ዓርብ ዓርብ የሐበሻ ልጆችን ኳስ ያሰለጥን ነበር። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ እንደ ብዙዎቻችን በገላባት አድርጎ መተማ ወጣ። አገር ቤት ገብቶ ትንፋሹ ከተመለሰ በኋላ «ጋሼ፣ ስፖርት ሳይኮሎጂ ልማር ነው፤ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ» አለኝ። አጎቱ ሰምተው ከት ብለው ሳቁ። «ተሸንፎ የሚያለቅስ ተጫዋች ለማባበል ይህን ያህል ዓመት?» አሉት። እሳቸውን አልተቀየምኳቸውም፤ ያላዩትን ነገር ከየት ያምጡት። የተቀየምኩት ልጁ ሊመዘገብ የሄደበትን ትምህርት ክፍል ነው፤ ስሙን አልጠራውም። እዚያ የተቀበለው ሰው «ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ አልጠየቀውም። «አትጨነቅ፤ ርዕሱን ከዝርዝር ትመርጣለህ፣ ናሙናውን ከአንድ ክለብ ትወስዳለህ፣ መጠይቁ ተዘጋጅቶ አለ» ነው ያለው።

መጠይቁ ተዘጋጅቶ አለ! ጥያቄው ሳይወለድ መልሱ ክርስትና ተነሣ ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት የመመረቂያ ጽሑፎችን አገላብጫለሁ። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን፣ የወርቅ ቀለም ጽሕፈት፤ «የሥነ ልቦና ዝግጅት በእግር ኳስ ተጫዋቾች ብቃት ላይ ያለው ተጽዕኖ፤ በእንትን ከተማ ክለብ»። የከተማውን ስም ቀይሩት፣ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል። ተጫዋቾቹ ከልምምድ በኋላ ላባቸው ሳይደርቅ ወረቀት ይታደላቸዋል፤ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ ያከብባሉ፤ ግማሹ ከጓደኛው ይገለብጣል። መደምደሚያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አሰልጣኞች ለሥነ ልቦና ትኩረት ሊሰጡ ይገባል፣ ክለቦች ባለሙያ ሊቀጥሩ ይገባል። ይህን ለማለት ሁለት ዓመት አያስፈልግም፤ ስታዲየም በር ላይ ቆሎ የምትሸጠውም ሴትዮ ታውቀዋለች። ከዚያ ምርቃት፣ ጋዋን፣ ፎቶ፣ መደርደሪያ። ጽሑፉን ዳግም የሚከፍተው በሚቀጥለው ዓመት የሚገለብጠው ተማሪ ነው።

ምርምር ምን እንደሆነ ካርቱም ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጀሪፍ አካባቢ አንድ አቧራማ ሜዳ ነበረ። ዓርብ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣ ሐበሻው ይሰበሰባል፤ አንዱ ከሆቴል ዕቃ ማጠብ፣ አንዱ ከግንበኝነት፣ አንዱ ራክሻ (ባጃጅ) ከመንዳት ተለቅቆ። ያ ወጣት ከሚያሰለጥናቸው ልጆች መካከል በመተማ በኩል የገባ፣ ወደ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው በረኛ ነበር። እጁ ወርቅ። በልምምድ ላይ የማይይዘው ኳስ አልነበረም። ጨዋታ ሲሆን ግን አንዳንድ ቀን ከእግሩ ሥር የምትሄድ ቀርፋፋ ኳስ ታልፈዋለች፤ እሱ ቆሞ ያያታል፤ ማየት እንኳ አያያትም። ጓደኞቹ «ፈሪ ነው፣ ልብ የለውም» አሉ። ያው ወኔ መጣች።

ያ ወጣት አሰልጣኝ ግን የበረኛውን እጅ መመልከት ትቶ ዓይኑን መከታተል ጀመረ። ዓይኑ ኳሱ ላይ አልነበረም፤ ከሜዳው ወዲያ አስፋልቱ ላይ ነበር። አስፋልቱ ላይ ፒክአፕ ሲያልፍ የልጁ አንገት አብሮ ይዞራል። ካርቱም «ከሻ» የምንለውን አፈሳ እየጠበቀ ነው፤ ወረቀት የለውም፤ አንድ ጊዜ ታፍሶ ያገኛትን ሁሉ ከፍሎ ወጥቷል። አሰልጣኙ ምን አደረገ? አንድ ትንሽ ልጅ መንገዱ ዳር አቆመና በረኛውን «መኪና ካየ እሱ ያፏጫል፤ አንተ መንገዱን ተወው» አለው። በዚያን ቀን በረኛው በረኛ ሆነ። ጠባቂው ልጅ በቀረበት ዓርብ ኳሷ እንደገና ታልፈው ጀመር። በመጣበት ዓርብ ደግሞ በረኛው ወደ እጁ ይመለሳል።

ይህ ሙከራ ነው። አንድ ነገር ለውጠህ፣ ሌላውን እንዳለ ትተህ፣ ውጤቱን ማየት። ወጣቱ ሳያውቀው ሳይንሱ መሐል ገብቶ ነበር። በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ ያደረገው ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ብስክሌተኞች ከሌላ ጋር ሲጋልቡ ለምን ይፈጥናሉ ብሎ ተነሣ፤ ከዚያ ሕጻናትን ሰብስቦ የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ እያስጠቀለለ፣ ብቻቸውን ሲሆኑና ጎን ለጎን ሲሆኑ ፍጥነታቸውን ለካ። ዛሬ የስፖርት ሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ጥናት እያሉ የሚያስተምሩት ያንን ነው። ልዩነቱ፣ ትሪፕሌት መዝግቦ አሳተመ፤ የጀሪፉ ሙከራ ግን ከአቧራው ጋር በነነ። የትኛው ዓርብ፣ ስንት ኳስ፣ ስንት ጎል፣ ጠባቂ ነበረ አልነበረም፤ አንድ ደብተር ቢኖር ኖሮ ለዓለም የሚነገር ነገር ነበር። ወጣቱን አሰልጣኝ ማስተርስ ያስፈለገው ለዚህ ነበር፤ ደብተሩን እንዲይዝ የሚያስተምረው፣ «ድካምስ ቢሆን? የተጋጣሚው ድክመትስ ቢሆን?» ብሎ የሚሞግተው ሰው እንዲያገኝ።

በምትኩ ምን ሰጡት? ተዘጋጅቶ ያለ መጠይቅ። በ1990 አሜሪካኖች ያወጡት አንድ ታዋቂ የውድድር ጭንቀት መለኪያ አለ፤ 27 ጥያቄ አለው፤ የሐሳብ ጭንቀትን፣ የሰውነት ጭንቀትንና በራስ መተማመንን ይለካል። መጥፎ መሣሪያ አይደለም። ለተሠራለት ሰው ይሆናል። ግን 27ቱን ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር ብታነቡት ከሻ የለበትም። ወረቀት የሌለው በረኛ፣ ደመወዙ ለወራት የተቋረጠበት አጥቂ፣ እናቷ «ከዚህ ሩጫ ቤት ይሠራልኛል» ብላ የምትጠብቃት የአሥራ ስምንት ዓመት ሯጭ የሉበትም። እንግዲህ ያንን ወረቀት ለጀሪፉ በረኛ ብትሰጠው ቁጥር ይወጣልሃል፤ ቁጥሩም ከረባት አስሮ ይቀርባል፤ ስለ ልጁ ግን ምንም አይነግርህም።

«ገንዘብ የለም፣ ላቦራቶሪ የለም» የሚል ካለ መልሴ ገየር ዮርዴት ነው። ኖርዌያዊ ነው፤ ዶክትሬቱን የሠራው የኳስ ተጫዋች ኳስ ሳይደርሰው በፊት ዙሪያውን እንዴት እንደሚቃኝ በማጥናት ነው። ከዚያ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ዞረ። የዓለም ዋንጫና የአውሮፓ ዋንጫ መለያ ምቶችን ቪዲዮ ደጋግሞ እያየ ቆጠረ፤ ዓይኑን ከበረኛው የሚያሸሽ ማነው፣ ፊሽካው እንደተነፋ ተጣድፎ የሚመታ ማነው፣ የሚስተው ማነው። ጫናውን ለመሸሽ የሚጣደፉት ብዙ ጊዜ እንደሚስቱ አሳየ። ዛሬ በዚህ ፕሮፌሰር ነው፤ ክለቦች በሩን ያንኳኳሉ። ለዚያ ሥራው ዋና መሣሪያው ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየው የቴሌቪዥን ቅጂ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ከ1964 ጀምሮ ይሠራል፤ ኳስም ያስተላልፋል። ታዲያ የጎደለን ካሜራ ነው?

የጎደለን ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ካርቱም ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ከአፍሪካ ከተሞች ሁሉ ይህን ሳይንስ ልትወልድ የሚገባት እሷ ነበረች። ካፍ የተመሠረተው እዚያ ነው። ከ1964ቱ የጥቅምት አብዮት በኋላ ሱዳንን የመራው የሉዓላዊነት ምክር ቤት አምስት አባላት ነበሩት። አንዱ ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ናቸው፤ ሐኪም፣ ከካፍ መሥራቾች አንዱ፣ ኋላም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው በ1972 ወንበሩን ለእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ያስረከቡ። ሌላው ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሂ ናቸው፤ የሱዳን የአእምሮ ሕክምና አባት፣ እንግሊዝ ተምረው ተመልሰው ባህላዊ ፈዋሾችንና የዛር ሥርዓትን ሳይንቁ ያጠኑ፣ ኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው የሚጠራ። ኳስና አእምሮ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አገር ሲገዙ! ከዚያ ጠረጴዛ ግን ለተማሪው የተረፈ ነገር የለም። የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የአካል ማሠልጠኛና ስፖርት ኮሌጅ አለው፤ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ እንደ ማሊክ በድሪ ያሉ ስመ ጥር የሥነ ልቦና ምሁራን ያስተማሩበት ነው፤ ሁለቱ ግን በየግቢያቸው ናቸው። አዲስ አበባም ያው ነው። ሥነ ልቦናው «ኳስ ጨዋታ ነው» ይላል፣ ስፖርቱ «ስታትስቲክስ ለምኔ» ይላል፤ ሁለቱን የፈለገ ተማሪ ሁለቱም በር ላይ ይቆማል።

ቲጃኒ ያደረጉትን ልብ በሉ፤ ሰዉ ጭንቀቱን እንዴት እንደሚይዝ ለማወቅ ሰዉ የሚሄድበት ሄዱ። እኛስ? ለንደን 2012፣ መሠረት ደፋር 5,000 ሜትሩን እንዳሸነፈች ከማልያዋ ውስጥ የድንግል ማርያምን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ ስታደርገው ዓለም አይቷል። ያ ሥዕል በሩጫው ሁሉ ደረቷ ላይ ነበር። ጸሎት፣ ስለት፣ ጠበል፣ ጾም በአንድ ሯጭ ትኩረትና ሕመምን መቻል ላይ ምን እንደሚሠሩ ለማጥናት ከኢትዮጵያ የተሻለ አገር የት አለ? የኛ የመመረቂያ መጠይቅ ግን ስለ እግዚአብሔር አይጠይቅም፤ አሜሪካኖቹ ስላልጠየቁ።

እናም ሌላው መጥቶ ይጠይቃል። ማይክል ክሮሊ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ራሱም ማራቶን ሯጭ፣ አዲስ አበባ መጥቶ ከሯጮቻችን ጋር ሌሊት እየተነሣ ጫካ ለጫካ ሮጠ፤ አማርኛ ተማረ፤ ኤድንብራ ላይ ዶክትሬቱን ሠራበት፤ በ2020 መጽሐፍ አወጣ፤ አሁን ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሐና ቦረንስታይን የምትባል አሜሪካዊትም በሴት ሯጮቻችን ላይ ዶክትሬቷን ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ያዘች። እነዚህን ሰዎች አልወቅስም፤ አከብራቸዋለሁ። ላባቸውን አፍስሰዋል። የምወቅሰው እንጦጦ ሥር ተወልዶ፣ ከሯጩ ጋር አንድ ቋንቋ እየተናገረ፣ ተዘጋጅቶ ያለ መጠይቅ ሊያስከብብ የሚሄደውን የእኛን ሰው፣ ይበልጡንም የላከውን አማካሪ ነው።

«ሥራው የት አለ?» ትሉኛላችሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ ብዙ የለም። ግን አእምሮ ሕክምናውስ ሲጀመር የት ነበረ? በኢትዮጵያ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት በሚቆጠሩበት ዘመን፣ በ1980ዎቹ፣ ቡታጅራ ላይ የገጠር ጤና ጥናት ተጀመረ። ቤት ለቤት እየሄዱ፣ በገጠሩ ሰው ቋንቋ እየጠየቁ፣ ዓመት ከዓመት መዘገቡ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በዚያ መሬት ላይ ሠርተው በ1997 ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ ተመልሰው ሌሎችን አፈሩ። ቡታጅራ ዛሬ በዓለም የአእምሮ ጤና ምርምር መጽሔቶች ላይ የምትታወቅ ስም ናት። የምርምር ሙያ የተሠራው ጥያቄና መዝገብ ቀድሞ ስለመጣ ነው። ስፖርቱ ቡታጅራ የለውም። አሰላ የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ አለ፤ አዲስ አበባ የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ፤ በየዓመቱ ልጆች ገብተው ይወጣሉ። ከመካከላቸው የቀጠለው ለምን ቀጠለ፣ ያቆመው ለምን አቆመ ብሎ አሥር ዓመት የሚከተላቸው አንድ ሰው ማስቀመጥ የሁለት አውቶቡስ ዋጋ አያወጣም።

ካርቱም ነደደች። የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ጥናት ማዕከል መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ በካርቱም ሰፈሮች፣ በዴምና በጀሪፍ፣ የነበረው ሐበሻ ተበተነ፤ በረኛው የት እንደገባ አላውቅም። የሱዳን ክለቦች ሂላልና መሪኽ ደግሞ ተሰድደው በ2024 በሞሪታንያ ሊግ ተጫወቱ። ቤታቸው እየተዘረፈ፣ ዘመዶቻቸው በየድንበሩ እየተንከራተቱ፣ የሂላል ልጆች በዚያው የውድድር ዘመን የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። የሱዳን ብሔራዊ ቡድንም አንዲት ጨዋታ አገሩ ላይ ሳይጫወት ጋናን አስቀርቶ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ስደት ቡድንን ያፈርሳል ወይስ ያጠብቃል? ማንን ያጠብቃል፣ ማንን ይሰብራል፣ እስከ መቼ? ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ በዚህ ዘመን በዚህ ሙያ ውስጥ አላየሁም፤ የሚረዳውም ቢኖር ያን ስደት የቀመሰ ተማሪ ነው። ሱዳናዊው ወይም በመተማ በኩል የተመለሰው ልጃችን ካልያዘው፣ ከአውሮፓ የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘ አንድ ጨዋ ልጅ መቅረጫውን ይዞ ይመጣል።

ለዚያ ወጣት የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ርዕስ ከዝርዝር ከሚያስመርጥህ ቦታ ውጣ። ጥያቄህን ጽፈህ ይዘህ ሂድ፤ ጥያቄህን የሚሞግትህ አማካሪ ካገኘህ፣ ስታትስቲክስ እስኪያቅለሸልሽህ ድረስ ተማር፣ ከሥነ ልቦናው ግቢም ከስፖርቱም ግቢ አንድ አንድ ሰው ይኑርህ። አማካሪ ካጣህ ክፍያህን ለሌላ ነገር አውለው። ፌዴሬሽኖችና አካዳሚዎች ደግሞ የልምምድ ሜዳቸውንና መዝገባቸውን ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ይክፈቱ፤ ሞራል ሰባኪ ለመጋበዝ የሚያወጡት ለዚህ ይበቃል።

አንድ ርዕስ በነጻ ልስጥ። መስከረም 8 ቀን 2012፣ ይህም በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፍን። ከአምስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ውስጥ በዚያ ቡድን ጭንቅላት ውስጥ ምን ተካሄደ? አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ምን አሉ፣ ማን ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ ማንስ አነሣው? ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ገና አርባ ዓመት ግድም ናቸው፤ ትዝታቸው አልደበዘዘም፤ አብዛኞቹን ስልክ ደውሎ ማግኘት ይቻላል። ደብተርና መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው።